«ሩት ካናል አይሠራም» ለተባላችሁ ደንበኞቻችን

ውድ ደንበኞቻችን፣

ከቱሉ ዲምቱም ከኮዬ ፈጬም የምትመጡ ብዙዎቻችሁ ወንበሩ ላይ ገና ሳትደላደሉ «ሩት ካናል አይሠራም ተብያለሁ፣ በቃ ንቀሉልኝ» ትሉናላችሁ። ሌሊቱን ሙሉ ሲያመው ያደረ ሰው ማብራሪያ እንደማይሰማ እናውቃለን። ስለዚህ ሳያማችሁ ረጋ ብላችሁ እንድታነቡት በደብዳቤ ይሻላል ብለናል።

ሩት ካናል ማለት በጥርሱ ሥር ውስጥ ያለውን፣ ነርቭ የሚያልፍበትን ቀጭን ቦይ ጠርጎ መድፈን ነው። አይሆንም የሚባልበት ምክንያት ግን አንድ አይደለም። አንዳንዱ ልጅ እያለ ወድቆ ጥርሱ ተመትቷል፤ ቦዩ ከዓመታት በኋላ እየጠበበ ሄዶ ይዘጋል። የሌላው ቀድሞ ሲሠራለት ቦዩ የሚጠረግባት ቀጭን መርፌ ውስጥ ተሰብራ ቀርታለች። ሌላው ደግሞ ቦዩ ውስጥ ብረት ገብቶለት ከላይ ክራውን፣ ማለትም ጥርሱን እንደ ቆብ የሚሸፍን ሰው ሠራሽ ክዳን፣ ተደርጎበታል፤ ያንን ለማውጣት ሲታገሉ ሥሩ ራሱ ሊሰነጠቅ ይችላል። እና እውነቱን እንናገር፣ «አይሆንም» አንዳንዴ «እዚህ አይሆንም» ማለት ነው። እኛ ማይክሮስኮፕ የለንም። በማይክሮስኮፕ የሚሠራ ስፔሻሊስት እኛ ያጣነውን ቦይ ሊያገኘው ይችላል። ሪፈር ስንጽፍላችሁ ገፉን አትበሉን።

ነርቩ ገና ካልሞተ ደግሞ ሩት ካናል ላያስፈልግም ይችላል። ቀዝቃዛ ሲነካው ቆንጠጥ አድርጎ ወዲያው የሚተው ጥርስ ብዙ ጊዜ ተስፋ አለው። የተበላውን ጠርገን፣ ነርቩን ኤምቲኤ በሚባል ሲሚንቶ መሳይ መድኃኒት ሸፍነን እንሞላዋለን። ሳይነካ ራሱን ችሎ የሚጠዘጥዝ፣ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ከሆነ ግን ነገሩ ይለያል። ለዚህ ነው ሕመሙ ሳይብስ ኑ እያልን የምንጨቀጭቃችሁ።

ነርቩ ሞቶ፣ ከላይ መግቢያ ከጠፋስ? የፊት በሩ ሲቆለፍ በጓሮ እንደሚገባው፣ በሥሩ ጫፍ በኩል ይገባል። አካባቢው በማደንዘዣ ይደነዝዛል፣ ድዱ ይከፈታል፣ የተበከለው ሥጋ ይወጣል፣ ከሥሩ ጫፍ 3 ሚሊሜትር ያህል ተቆርጦ ቀዳዳው ከዚያው በኩል ይደፈናል። ከዚያ ድዱ ይሰፋል፤ ክሩ የሚወጣው በሳምንት ገደማ ነው። የፊት ጥርስ ላይ ይቀላል። የታችኛው መንጋጋ ላይ ግን አጥንቱ ወፍራም ነው፤ ወደ ከንፈር የሚሄደው ነርቭም ቅርብ ስለሆነ ጥንቃቄው ይበዛል።

አንድ ወጣት ደንበኛችን ክራውን ካለው የፊት ጥርሱ በላይ፣ ድዱ ላይ ብጉር የምትመስል ነገር ትወጣበታለች፣ ትፈነዳለች፣ ተመልሳ ትወጣለች። ይነቀል ተብሎ ነው እኛ ጋ የመጣው። ለዚህ ቀዶ ጥገና ላክነው። በዓመቱ ራጅ ስናነሳው ሥሩ ጫፍ ላይ የነበረው ጥቁር ጥላ በአጥንት ሞልቷል። ከዓመታት በፊት ቢመጣ ኖሮ እኛም ነቅለን እንሸኘው ነበር፤ ይህን ስናስብ አሁንም ይቆጨናል።

የታችኛው መንጋጋ ጥርስ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ሥር አለው። የተበላሸው አንዱ ብቻ ከሆነ ጥርሱ ለሁለት ተቆርጦ መጥፎው ግማሽ ይወጣል፣ ደህናው ሩት ካናል ተሠርቶለት በክራውን ይሸፈናል። ጥርሱን በጥንቃቄ ነቅሎ፣ ሳይደርቅ በደቂቃዎች ውስጥ የሥሩን ጫፍ ሠርቶ ወደ ቦታው መመለስም አለ። ይህን ስንናገር ብዙ ሰው አያምነንም። ሲነቀል ሊሰበር ይችላል፣ ከዓመታት በኋላም ሥሩ ሊሟሟ ይችላል። ግን መነቀሉ ካልቀረ መሞከሩ አይከፋም። ቆሎ ውስጥ በገባ ጠጠር ከድድ በታች የተሰበረ ጥርስም፣ ሥሩ ረጅምና ጤነኛ ከሆነ፣ ቀስ በቀስ በሽቦ ተስቦ ክራውን ሊቀመጥበት ይችላል።

ሥሩ ቁልቁል ከተሰነጠቀ ግን ማዳን አይቻልም። በድድ በሽታ አጥንቱ አልቆ የሚወዛወዝም እንዲሁ። ያኔ ይነቀል የምንለው እኛው ነን፤ ምትኩን ደግሞ አብረን እናስባለን። ብሪጅ፣ ማለትም ጎረቤት ጥርሶች ላይ ተደግፎ የሚገባ ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ እነዚያን ጥርሶች መሞረድ ይጠይቃል፣ ኢምፕላንት፣ ማለትም አጥንት ውስጥ በሚተከል ብሎን ላይ የሚቀመጠው፣ ይህን አይጠይቅም፤ ዋጋው ግን ከበድ ይላል።

አንድ የሚያሳስበን ነገር አለ። አሞክሳሲሊን ገዝታችሁ፣ ሕመሙ ሲተዋችሁ ዳነ ብላችሁ ወራት ትቆያላችሁ። መድኃኒቱ የሞተው ነርቭ ውስጥ አይደርስም፤ ዝም ያለው ጥርስ ከሥር አጥንት እየበላ ነው። አስፕሪንም ድድ ላይ አታስቀምጡ፣ ያቃጥላል። ከአገጭ ሥር ካበጠ፣ ትኩሳት ካለ፣ አፍ መክፈት ወይም መዋጥ ከከበደ፣ ይልቁንም መተንፈስ ካስቸገረ እኛን አትጠብቁ፤ ሌሊትም ቢሆን ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ።

ስትመጡ የድሮ ራጃችሁን ያዙ፤ በስልክ ያነሳችሁት ፎቶም ይጠቅማል። ከዚህ በፊት ማን ምን እንደሠራላችሁ ንገሩን፤ የደም ግፊት፣ የስኳር ወይም ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስዱም አትደብቁን። ለመማከር ብቻ መጥታችሁ ቤት ሄዳችሁ ብታስቡበት ቅር አይለንም።

አክባሪዎቻችሁ፣
የክሊኒኩ ሐኪሞችና ነርሶች