የአባይን በር ከመክፈታችሁ በፊት ንገሩን፦ ለጨረጨራ ግድብ ኃላፊ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር ሆይ፣

ይህን ጉዳይ በአደባባይ ማንሳት አልፈለግሁም ነበር። መጀመሪያ ደወልኩ። ከዚያ ጻፍኩ። ደብዳቤዬ መዝገብ ቤታችሁ ገብቶ ቁጥር ተሰጥቶታል። እስከ ዛሬ አንድም መልስ አላገኘሁም። የመሥሪያ ቤትዎን ስም አልጠራም። ይህን ሲያነቡ ለእርስዎ እንደተጻፈ ያውቁታል።

ጥያቄዬ አንድ ነው። አባይ ከጣና ሐይቅ በሚወጣበት ካለው ግድብ፣ ከጨረጨራ፣ ውሃ የምትለቁበትን ሰዓት አስቀድማችሁ ንገሩን።

ባህር ዳር ውስጥ ከወጣቶች ጋር እሠራለሁ። ልጆቹ ከጨረጨራ በታች፣ ወንዙ ጸጥ በሚልበት በኩል፣ የግማሽ ቀን የታንኳ ጉዞ አሰቡ። በደንብ ተዘጋጀንበት። ለሁሉም ላይፍ ጃኬት አፈላለግን። ዋና የማይችል እንዳይገባ ተስማማን። ጉማሬ የት የት እንደሚውል የደንገል ታንኳ የሚሠሩ አባቶችን ጠየቅን። ከጢስ አባይ ፏፏቴ በጣም ርቀን እንድንወጣ፣ መኪናውም የት እንደሚጠብቀን ወሰንን። የጎደለን አንድ መረጃ ብቻ ነበር። እሱ ደግሞ ያለው እናንተ እጅ ነው።

ግድብ የሌለው ወንዝ ሊሞላ ሲል ምልክት ይሰጣል። ሰማዩ ይከብዳል፣ ውሃው ይደፈርሳል፣ ቅጠልና ግንድ ይዞ ይመጣል። ከበር በታች ያለ ወንዝ ግን በጠራራ ፀሐይ፣ በበጋ፣ እኩለ ቀን ላይ ሊነሳ ይችላል። በሩ ከተከፈተ በኋላም ውሃው ታች እስኪደርስ ጊዜ ይፈጃል። ከግድቡ የራቀ ሰው ወንዙ ሲነሳ ምን እንደመጣበት አያውቅም።

ይህን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቁታል። ጨረጨራ እ.ኤ.አ. በ1996 በሁለት በር ሥራ ጀመረ። በ2001 አምስት በር ተጨመረለት። አንዱ በር ብቻውን በሰከንድ 70 ሜትር ኩብ ውሃ ማሳለፍ ይችላል። ይህ ማለት በየሰከንዱ 70 ሺህ ሊትር ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ከተመረቀ ወዲህ ደግሞ የሐይቁ ውሃ አብዛኛው በዋሻ ወደ በለስ ስለሚሄድ፣ በበጋ አባይ ላይ የሚቀረው ትንሽ ነው። ትንሽ ውሃ ሰውን ያዘናጋል። ድንጋዩ ብቅ ይላል። ታንኳው ይቆማል። ሰው ወርዶ በእግሩ እየሄደ ይገፋል። በር የሚከፈተው በዚያች ሰዓት ከሆነ፣ ውሃው ሰውየውን ወንዙ መሃል ቆሞ ነው የሚያገኘው።

እኛን ያገኘን እንዲህ ነው። መንገዱን ለማየት ከጥቂት ልጆች ጋር ቀድመን ወርደን ነበር። ታንኳችን ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። እኔ ዳር ወጥቼ እንጨት ተከልኩና የውሃውን ልክ በቢላ ምልክት አደረግሁ። ሁለት ልጆች ታንኳውን ሲገፉ ዞር ብዬ ሳይ ምልክቱ ውሃ ውስጥ ገብቷል። «ውጡ!» ብዬ ጮህኩ። አንደኛው ደረሰ። ሁለተኛውን ውሃው ከእግሩ ነቅሎ፣ ወንዙ ላይ ወደተጋደመ ዛፍ ወሰደው። ውሃ በቅርንጫፍ መሃል ያልፋል፤ ሰው ግን አያልፍም። ግፊቱ ቅርንጫፉ ላይ ለጥፎት፣ አፉ እስኪሸፈን ትንሽ ሲቀረው፣ በገመድ ጎትተን አወጣነው። ላይፍ ጃኬት ባይኖረው ኖሮ ዛሬ የምጽፈው ሌላ ደብዳቤ ነበር።

እዚያው ዳር ልብስ ታጥብ የነበረች ሴት፣ ያሰጣችው ልብስ ሄዶባት፣ ልጇን ታቅፋ ወደ ላይ ሮጣለች። ኋላ ሳነጋግራት «ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ ማን ይነግረናል?» አለችኝ።

ወደ ቢሯችሁ መጣሁ። «ስብሰባ ላይ ናቸው» ተባልኩ። ሌላ ቀን መጣሁ። ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ላካችሁኝ፤ እነሱ ደግሞ «እኛን አይመለከትም» ብለው ወደ እናንተ መለሱኝ። በመጨረሻ ከሠራተኞቻችሁ አንዱ «ማን ወንዝ ግቡ አላችሁ?» አለኝ።

እንቅልፍ የነሳኝ ይህ ንግግር ነው። ያቺ ሴት ወንዝ የወረደችው ለመዝናናት አልነበረም። ዓሣ አጥማጁ፣ ከብት የሚያጠጣው እረኛ፣ ከፏፏቴው በላይ ቱሪስት የሚያሻግረው ባለጀልባ እንጀራቸው እዚያ ነው። የነገደ ወይጦ ሰዎች ታንኳ ሲቀዝፉ ይህ ግድብ ገና አልታሰበም ነበር። «ማን ግቡ አላችሁ?» የሚለውን ሂዱና ለእነሱ ንገሯቸው። ውሃው ላይ ከኖረ ሰው ፊት ቆማችሁ ንገሯቸው።

ሕጉን ላስታውስዎት አይገባም ነበር። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ መሆን አለበት ይላል። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ደግሞ መረጃ ለጠየቀ ሰው በ30 ቀን ውስጥ መልስ እንዲሰጠው ያዛል። የእኔ ደብዳቤ ከዚያ በላይ ተቀምጧል።

አይቻልም እንዳትሉንም፣ ሌላው ዓለም ሲያደርገው ኖሯል። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት አትላንታ፣ ቻታሁቺ የሚባለው ወንዝ የሚለቀቀው ከቡፎርድ ግድብ ነው። ውሃ ከመለቀቁ በፊት የማስጠንቀቂያ ጥሩምባ ይነፋል። ታንኳ ይዞ የሚወጣ ሰው ስልክ ደውሎ የዕለቱን የመልቀቂያ ሰዓት ይሰማል። ከግድቡ በታች ባለው ክፍል ላይፍ ጃኬት ያላደረገ ሰው ውሃው ላይ መሆን አይችልም። እኛ ያንን ሁሉ በአንድ ጊዜ አምጡ አላልንም። የቀበሌ ሞንታርቦ አለ። ቴሌግራም አለ። በሩ በስንት ሰዓት እንደሚከፈት፣ ስንት በር እንደሆነ፣ እስከ መቼ እንደሚቆይ በዋዜማው ይነገረን። ስትከፍቱም ዳር ያለው ሰው ሸሽቶ እንዲወጣ ቀስ በቀስ ክፈቱ። ድንገት መክፈት ግድ ከሆነባችሁ፣ ቢያንስ ጢስ አባይ ድረስ ላሉ ቀበሌዎች ስልክ ደውሉ። ውሃው ታች እስኪደርስ ለዚያ የሚበቃ ጊዜ አላችሁ።

እኛ ጉዞውን ሰርዘናል። ሰዓቱን ሳላውቅ የሰው ልጅ ይዤ ወንዝ አልገባም። ልብስ አጣቢዎቹ ግን የሚሰርዙት ነገር የላቸውም፤ ነገም እዚያው ናቸው። ደብዳቤዬ መዝገብ ቤታችሁ አለ፤ አውጥታችሁ መልስ ጻፉበት።

ከባህር ዳር