ደብዳቤ ለልጄ፦ ጣቶቹን አትከልክዪው

ደሴ፣ ጥቅምት 8 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፤

ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል? እኔና እናትሽ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን፤ የእርሷም ጉልበት ክረምቱ ከወጣ ወዲህ ተሽሎታል። የልጅሽን የማሙሽን የሒሳብ ወረቀት ፎቶግራፍና ከሥሩ የጻፍሽውን መልእክት ትናንት ማታ ደጋግሜ አየሁት። “ሰባት ዓመት ሞልቶት 8 እና 6ን አሁንም በጣቱ ነው የሚደምረው፤ ትምህርት ቤቱ ነጥብ ያሥለዋል እንጂ ሒሳብ አያስተምረውም፤ ስለዚህ ጣቱን አስጥዬ፣ እኛ እንደተማርነው ቁጥሩን ወደ ታች እያስደረደርሁ ራሴ ማስተማር ጀምሬያለሁ” ብለሻል። ልጄ፣ በዚህ አልስማማም። ጣቶቹን አትከልክዪው።

በመጀመሪያ ያንን የናቅሽውን ሥዕል እንደገና ተመልከቺው። ሣጥኑ በሁለት ረድፍ አምስት አምስት ሆኖ የተከፈለ፣ አስር ክፍት ቦታ ያለው ነው። ማሙሽ ስምንቱን ቦታ በነጥብ ሞልቶ፣ ከስድስቱ ላይ ሁለቱን አምጥቶ አስሩን ዘግቶታል፤ አራቱ ከውጭ ቀርተዋል። አስር እና አራት፣ አስራ አራት። መምህርቱ እያስተማረችው ያለችው ስምንት አስር ለመሆን ሁለት እንደሚጎድለው ማየትን ነው፤ ይህን ያየ ልጅ ነገ 28 እና 6ን፣ ከነገ ወዲያም 98 እና 6ን ያለ ወረቀት ይደምራል። አንቺ የምትወጅው ወደ ታች መደርደር ደግሞ መልካም ነገር ሆኖ ሳለ ጊዜው አልደረሰም። 37 እና 25ን ደርድሪለት፤ “ሰባትና አምስት አስራ ሁለት፣ ሁለቱን ጽፌ አንዱን ይዣለሁ፣ ሦስትና ሁለት አምስት፣ ከያዝሁት ጋር ስድስት” እያለ ይወጣዋል፤ ነገር ግን ያ ሦስት ሠላሳ መሆኑን አያውቅም። አንዱን መያዝ የረሳ ዕለት 512 ብሎ ይጽፍልሻል፣ ምንም አይደንቀውም። ሠላሳና ሃያ ሃምሳ፣ ሰባትና አምስት አስራ ሁለት፣ በድምሩ ስልሳ ሁለት ብሎ በልቡ የሚያስብ ልጅ ግን 512ን ሲያይ ይሥቃል።

የምትኖሩባትን ሜሪላንድን ጨምሮ ብዙ የአሜሪካ ግዛቶች በ2010 እ.ኤ.አ. የተቀበሉትን የሒሳብ ትምህርት መለኪያ የጎረቤት ልጅ ከኢንተርኔት አውጥቶልኝ በመዝገበ ቃላት እየታገዝሁ አንብቤዋለሁ። አንደኛ ክፍል ላይ አስርን እየሞሉ መደመር፣ ሁለተኛ ክፍል ሲያልቅ የአንድ አኃዝ ድምሮችን በቃል ማወቅ ይላል፤ የአንቺ ድርደራ በቅልጥፍና የሚጠበቀው አራተኛ ክፍል ላይ ነው። ማሙሽ ሁለተኛ ክፍል ከገባ ገና ሁለት ወር ሊሞላው ነው፤ ምን አስቸኮለሽ?

ይህን የምልሽ ስለማውቅ ብቻ ሳይሆን ስላጠፋሁም ነው። የታላቅ ወንድምሽ ጫማ ሁልጊዜ ከፊት ጫፉ ቀድሞ ያልቅ እንደነበረ፣ እናትሽም “ይህ ልጅ ያልመታው ድንጋይ የለም” ትል እንደነበረ ታውቂያለሽ፤ በዓል በመጣ ቁጥር የምንሥቅበት ጨዋታ ነው። በ1977 ዓ.ም.፣ አንቺ ገና በእናትሽ ጀርባ ላይ ሳለሽ፣ እርሱ ሁለተኛ ክፍል እኔው ዘንድ ይማር ነበር። ድርቁ ወሎን ያደቀቀበት ዓመት ነው፤ ክፍሌ ውስጥ ከ80 የማያንሱ ልጆች ተጨናንቀው ይቀመጡ ነበር፤ ትዕግሥቴም አልቆ ነበር፤ ይህን ግን ማመካኛ አላደርገውም። በዚያ ሁሉ ልጅ ፊት የመምህሩ ልጅ በጣቱ ሲቆጥር መታየቱ አሳፈረኝና ጣቶቹን በማስመሪያ መታሁት፤ አንድ ቀን ብቻም አይደለም። ከወር በኋላ እጁ ጠረጴዛው ላይ ጸጥ አለ፤ እኔም ገባው ብዬ ደስ አለኝ። ትናንት መልእክትሽን ሳነብለት ወንድምሽ ጥቂት ዝም ብሎ ቆየና “አባባ፣ እኔ እኮ አልተውሁም ነበር፤ ጫማዬ ውስጥ በእግሬ ጣቶች ነበር የምቆጥረው” አለኝ። የጫማው ጫፍ ለምን ያልቅ እንደነበረ ከ41 ዓመት በኋላ ተረዳሁ።

አሁን “ሰኞ ገበያ” በሚባለው ስፍራ እህል ሲነግድ 97 እና 58ን “መቶ፣ ሃምሳ አምስት” ብሎ ከእኔ ቀድሞ ይደምራል፤ ከሃምሳ ስምንቱ ሦስት አንሥቶ ለዘጠና ሰባቱ መስጠትን እኔ አላስተማርሁትም። ሆኖም ሱቁ በገባሁ ቁጥር ገንዘብ ሲቆጥር ጀርባውን ይሰጠኛል። እኔ ልማድ ይመስለኝ ነበር።

ስለዚህ ጣቶቹን አትከልክዪው፤ ይልቅ እንዴት እንደሚቆጥርባቸው እይ። 2 እና 9 ስትዪው ከአንድ ጀምሮ አስራ አንዱንም ይቆጥራል፣ ወይስ ዘጠኝን በልቡ ይዞ “አስር፣ አስራ አንድ” ይላል? ሁለተኛውን ካደረገ መንገዱን ይዟል፤ ካላደረገ ከትልቁ ቁጥር መነሣትን በጨዋታ አሳዪው። 6 እና 7 ሲያስቸግረው መንታውን ጠይቂው፦ ስድስትና ስድስት ስንት ነው? አስራ ሁለት ካለ ዝም በዪ፤ የቀረችውን አንዷን ራሱ ይፈልጋት። በስልክሽ ሰዓት እየለካሽ መጠየቁን ዛሬውኑ ተዪ። ከሌሊት ሥራ ደክመሽ በገባሽበት ቀን ደግሞ ሒሳብ የሚባል ነገር አታንሺበት፤ ስትደክሚ ድምፅሽ እንደ እኔ ነው።

“ግራ እንዳይገባው” ብለሽ በአማርኛ መቁጠሩን ማስቆምሽም ቅር አሰኝቶኛል። እንግሊዝኛው ኢለቨንና ትዌልቭ ሲል አስሩ የት እንዳለ ለልጅ አይታየውም፤ ፎርቲን ሲልም አራቱን አስቀድሞ ይጠራል፣ ሲጻፍ ግን አንዱ ይቀድማል። የእኛ አስራ አንድ፣ አስራ ሁለት፣ አስራ አራት አስሩን በግልጽ፣ በሚጻፍበት ቅደም ተከተል ይናገራል። ሃያን የመሳሰሉት ያፈንግጡ እንጂ “አርባ” አራትን፣ “ሰባ” ሰባትን፣ “ዘጠና” ዘጠኝን በውስጡ ያሰማል። ማታ ማታ ፊቱን ስታጥቢው አብራችሁ እስከ መቶ ቁጠሩ፤ ይህ ልመና አይደለም፣ ትእዛዝ ነው።

እናትሽ ከሽሮው ጋር ግማሽ ኪሎ ጥሬ ሽምብራ ልካለች፤ ለመብል እንዳይመስልሽ። የአሥራ ሁለት እንቁላል መያዣ ካርቶን ወስደሽ ከጫፉ ሁለቱን ጉድጓድ በመቀስ ቁረጪ፤ አምስት አምስት ሆኖ አስር ይቀርልሻል። ሰባት ሽምብራ ሞልተሽ ስንት እንደጎደለ ጠይቂው፤ ከዚያ አምስት ስጪው፣ ሦስቱን ይሙላ፣ ሁለቱ እጁ ላይ ይቅሩ። በቀን አስር ደቂቃ ይበቃል። ሳይቆጥር ጎዶሎውን በዓይኑ ማወቅ ሲጀምር ጣቱም በራሱ ጊዜ ያርፋል፤ እስከዚያ ጣቶቹን አትከልክዪው።

እሑድ በእናንተ ጠዋት 9 ሰዓት ላይ ደውሉልኝ። በዚያን ጊዜ የእኔ የግድግዳ ሰዓት 10 ይላል። ደሴ ከእናንተ በ7 ሰዓት ትቀድማለች፤ ታዲያ 9 ላይ 7 ተጨምሮ የአያቱ ሰዓት ለምን 10 ብቻ እንደሚል ማሙሽ ያስብበትና ይንገረኝ። አንቺ መልሱን ታውቂዋለሽ፤ እንዳትነግሪው። ቢዘገይም እጠብቀዋለሁ፤ ጣቶቹን ከፈለገም ወደ ካሜራው ከፍ አድርጎ ይቁጠርባቸው። ወንድምሽም እመጣለሁ ብሏል።

አባትሽ