ቢጫው ድንጋይ ወይን ጠጅ ነበር

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣ ባለፈው ሳምንት ስለ ጌጣጌጥ ድንጋይ ያወጣችሁትን አነበብኩት፣ አሪፍ ነው ግን ወይን ጠጅ ቀለም ያለውን አሜቲስትና ቢጫውን ሲትሪን ምንም የማይገናኙ ድንጋዮች አድርጋችሁ መጻፋችሁ ከነከነኝ። እኔ ኦፓል የሚባለውን የደላንታ የጌጥ ድንጋይ እየቆረጥኩና እያለሰለስኩ ነው የምኖረው፣ ኳርትዝ የሚባለው ማዕድንም አልፎ አልፎ እጄ ይገባል።

ሁለቱም ኳርትዝ ናቸው፣ ሲሊኮንና ኦክስጅን፣ ንጹሑ እንደ ውሃ ጥርት ያለ ነው። አሜቲስት (ራእይ ላይ አስራ ሁለተኛ የተቆጠረው አሜቴስጢኖስ ማለት ነው) ውስጥ ትንሽዬ ብረት አለች፣ ግን ብረቷ ብቻዋን ወይን ጠጅ አታደርገውም፣ ከዙሪያው አለት የሚወጣ የተፈጥሮ ጨረር ስንት ዘመን ሲመታት ነው ያ ቀለም የሚመጣው። በብረት ፈንታ አሉሚኒየም የገባበት ከሆነ ያው ጨረር ጭስ የነካው የመሰለ ቡናማ ያደርገዋል። ሮዙ ሌላ ነው፣ በዓይን የማይታዩ የሌላ ማዕድን ክሮች ውስጡ ስላሉ ነው፣ ወተት የሚመስለው ደግሞ ጥቃቅን ፈሳሽ የቋጠረ ነው።

አሁን አሜቲስቱን ከ400 ዲግሪ በላይ ስታሞቁት ጨረሩ የሠራው ቀለም ይፈርስና ብረቷ እንደ ዝገት ነገር ትሆናለች፣ ድንጋዩም ቢጫ ወይ ብርቱካንማ ሆኖ ይወጣል። ወሬ አይደለም፣ ወርቅ ሠሪ ጓደኛዬ ጋ ሁለት ስብርባሪ አሸዋ ውስጥ ቀብረን ሞክረነዋል፣ አንዱን ቸኩዬ በትኩሱ ሳወጣው ቷ ብሎ ተሰነጠቀ፣ ሌላው እስኪነጋ እዚያው ቀዝቅዞ የሻይ ቀለም ይዞ ወጣ። ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ሲትሪን እንዲህ የተጋገረ የብራዚል አሜቲስት ነው፣ በተፈጥሮው ቢጫ የሆነው ብርቅ ነው፣ ቀለሙም ፈዘዝ ይላል።

ታላቅ እህቴ ከጅዳ ስትመጣ ለሳሎን ብላ አንድ ትልቅ ቁራጭ ይዛ መጣች፣ "የተፈጥሮ ሲትሪን" ተብላ ነው ብር ያፈሰሰችበት። ገና ሳየው ጫፍ ጫፉ ልክ የተቃጠለ ስኳር መስሎ ሥሩ ግን ነጭ ነው፣ የተጋገረ አሜቲስት ዓይነተኛ መልኩ ይሄ ነው። እቴትዬ ይሄ እሳት የነካው ነው ስላት "አንተ ደግሞ ሁሌ እንከን ታወጣለህ" ብላ ተቆጣችኝ!

ማሞቁ በራሱ ነውር የለውም እኮ፣ ቀለሙም አይለቅም፣ እንዲያውም አንዳንዱ አሜቲስት ነው መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው ከርሞ የሚገረጣው። እኔን የሚያናድደኝ ሳይነግሩ መሸጣቸው ነው፣ ደረሰኙ ላይ "በሙቀት ቀለሙ የተቀየረ" ብሎ መጻፍ ምን ይጎዳል? እናንተም በሚቀጥለው እትም ብታስተካክሉት ጋዜጣውን ቆርጬ ለእህቴ አሳያታለሁ።

ድንጋይ ቆራጩ፣ ከአዲስ አበባ