ሣጥኖቹን ሳትከፍቱ መልሱ

ለከተማችን የባህልና ኪነ ጥበብ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

የተወሰዱብኝ የኪነ ጥበብ ሥራዬ ሣጥኖች እንዲመለሱ ሦስት ማመልከቻ አስገብቼ ለሁለቱ የመዝገብ ቤት ማኅተም ብቻ፣ ለሦስተኛው ደግሞ «ነገ ተመለስ» የሚል ቃል ስላገኘሁ፣ ይህን በአደባባይ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

በአዳራሹ ያቀረብኩት ሥራ ሆድ፣ ልብ፣ አንጀት፣ ነፍስና ሕሊና የተባሉ አምስት የእንጨት ሣጥኖች ናቸው። «ሆዴ ባባ»፣ «ልቤ ሸፈተ»፣ «አንጀቴ ተላወሰ» የምንለው በውስጣችን ያለው ሁሉ አንድ ቃል ስለማይናገር ነው፤ ልብ ሂድ ሲል ሆድ ይፈራል፣ ሕሊናም ሁለቱን ይከሳል። ተመልካቹ ክዳኑን ሲያነሣ የተቀዳ ድምፅ ይጠይቀዋል፤ እሱም መልሱን በወረቀት ጽፎና አጥፎ በጠባቧ ቀዳዳ ይከታል። ወረቀቱን ማንም እንደማያነበው በየሣጥኑ ላይ በእጄ ጽፌ ቃል ገብቻለሁ።

በሦስተኛው ቀን የአዳራሹ የጽዳት ሠራተኛ የሆኑ እናት ሰዉ ከወጣ በኋላ መጥተው ሆድ በተባለው ሣጥን ፊት ቆሙ። መጻፍ ስለማይችሉ ባዶውን ወረቀት አራት ጊዜ አጥፈው፣ ወደ ከንፈራቸው አስጠግተው ብዙ አንሾካሾኩበትና ከተቱት። ከዚያም በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠርገው መጥረጊያቸውን አነሡ።

በማግስቱ የመጡት ባለሙያዎችዎ በመጀመሪያ ሕዝብ የሚነካካው ነገር ዐውደ ርእይ እንደማይባል ነገሩኝ። ብራዚላዊቷ የጥበብ ሰው ሊጂያ ክላርክ ተመልካች በእጁ እያጠፈ የሚለዋውጣቸውን የብረት ቅርጾች መሥራት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1960 ነውና ይህን ልለፈው። የሚያንገበግበኝ ሁለተኛው ነው፦ ወረቀቶቹ ለቁጥጥር እንዲከፈቱ ጠየቁ፤ እምቢ ስላቸው ሣጥኖቹን ያለ አንዳች የጽሑፍ ትእዛዝ ጭነው ወሰዱ።

የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 29 የሥነ ጥበብ ፈጠራን ነጻነት እንደሚያረጋግጥ፣ አንቀጽ 26 ደግሞ ሰው በግሉ የሚጽፈው እንዳይደፈር እንደሚጠብቅ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ። ታዲያ ለራሱ ሆድ የተጻፈ ወረቀት በየትኛው ሥልጣን ይከፈታል? ወረቀቶቹ የእኔም የእርስዎም አይደሉም፤ እኔ አደራ ተቀባይ ነኝ፣ አደራዬንም ከእጄ ነጥቃችሁኛል። ሣጥኖቹ ሳይከፈቱ ይመለሱ፤ ሥራው እንዳይታይ የከለከላችሁበትም ምክንያት በፊርማዎ ተጽፎ ይሰጠኝ።

እኒያ እናት ባለፈው ሰኞ ሣጥኑ የት እንደሄደ ጠይቀውኛል። እስካሁን መልስ አልሰጠኋቸውም።