ሸዋ ሄደው ቀሩ

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ይህን ወንድሜ ያነብልዎታል፤ እንደ ልማዱ እየዘለለ እንዳያነብ ይቆጣጠሩት።

የምጽፍልዎ ስለ ባርኔጣዎ ነው። በ2014 ጥቅምት መጨረሻ ደሴ ስትያዝ ደብረ ብርሃን ድረስ መጥቼ ተቀብዬዎ፣ አብረን በአውቶቡስ ወደዚህ ስንመጣ፣ ሸኖን ካለፍን በኋላ ባርኔጣዎን አውልቀው ጉልበትዎ ላይ አኖሩት። ከንፈርዎ ይንቀሳቀስ ነበር። ሰንዳፋ ልንገባ ስንል መልሰው ደፉት። እኔ የሞቀዎት መስሎኝ መስኮት ከፈትኩ፤ ኋላ ያለችው ሴትዮ ብርድ ገባ ብላ ጮኸችብኝ። እርስዎ ምንም አላሉም።

ዘንድሮ ነው የገባኝ። በምሠራበት ዱቄት ፋብሪካ ስንዴ የሚያመጡ አንድ ሽማግሌ ገበሬ አሉ፤ «ኢንታላ ኮ» ነው የሚሉኝ፣ ልጄ ማለታቸው ነው። ኩንታሉ እስኪመዘን ከየት እንደሆንኩ ጠየቁኝ። ከወሎ አልኳቸው። «የእናንተ ሰዎች እኛ አገር ብዙ ቀርተዋል፤ ሰገሌ» አሉኝ።

ቀርተዋል! አባባ፣ እርስዎም ስለ አያትዎ ሲነሳ «ሸዋ ሄደው ቀሩ» ነበር የሚሉት። እኔ ሸዋ አግብተው፣ ወልደው ከብደው የቀሩ ይመስለኝ ነበር። አዲስ አበባ ስመጣ ዘመድ አላጣም ብዬ ተስፋ አድርጌ ነበር፤ እውነቴን ነው።

የሰገሌን ጦርነት ትምህርት ቤት ተምረነዋል፤ ለፈተና ነው እንጂ ለእኛ ነው ብሎ ማን አሰበ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. በመስቀል በዓል መኳንንቱና ጳጳሱ አቡነ ማቴዎስ ተሰብስበው፣ ሐረር የነበሩትን ልጅ ኢያሱን ወደ እስልምና አዘንብለዋል ብለው ሻሯቸው፤ ዘውዲቱን አነገሡ፣ ራስ ተፈሪን አልጋ ወራሽ አደረጉ። አባት ንጉሥ ሚካኤል ይህን ሰምተው ዝም አይሉም። እስከ 80,000 የሚገመት ጦር ይዘው ከወሎ ተነሡ። ቶራ መስክ ላይ የሸዋውን ራስ ልዑል ሰገድን ገድለው፣ ጦራቸውን ደመሰሱ። እንደዚያ አሸንፈው ወዲያው አዲስ አበባ መግባት ሲችሉ ቆዩ። የሸዋው ጦር አዛዥ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ የእርስዎ ወገን ነኝ እያሉ በመልእክት ያዘገዩአቸው ነበር ይባላል፤ በዚያ መሀል የደቡቡ ጦር ደረሰ። እኔን የሚቆጨኝ ይሄ ነው። ልጅ ኢያሱ ደግሞ ከሰገሌው ሜዳ አልደረሱም። አባት ለልጅ ዘምቶ፣ ተማርኮ፣ በሰንሰለት አዲስ አበባ ገብቶ፣ ሁለት ዓመት ሳይሞላው በእስር ሞተ፤ ልጁ የለም።

ቅዳሜ ሽማግሌው ይዘውኝ ሄዱ። ሜዳ ነው፣ አባባ። እኔ እኮ ገደልና ተራራ ነበር የጠበቅሁት። ስንዴ፣ ጤፍ፣ ዳር ዳሩን ባሕር ዛፍ። የልጅ ልጃቸው ከብት ሲጠብቅ አንገቱ ላይ በሲባጎ ያንጠለጠለው የናስ ነገር አለ። ቀለህ ነው፤ በእርሻ የወጣ፣ የአውራ ጣቴን ያህል የሚወፍር። አፉን ከንፈሩ ላይ አስደግፎ ሲነፋው ያፏጫል፣ ላሞቹም ቀና ይላሉ። ተቀብዬ ገልበጥ ሳደርገው ቂጡ ላይ የመምቻው ምልክት ጎድጉዷል፤ ተተኩሷል ማለት ነው። የወሎ ነው የሸዋ አልኳቸው። «እኛ ምን አውቀን። ሁለቱም እህላችንን በልተው ነው የተዋጉት» አሉኝ። መልስ አጣሁ።

ውጊያው የተደረገው ጥቅምት 17 ነው። ቀኑን ስሰማ ክው አልኩ። የእኛ ቤት የእስጢፋኖስ ዝክር! ጠላው ተጠምቆ፣ ጎረቤት ተጠርቶ፣ እማማ ዳቦውን በኮባ ጋግራ። ግን ቄሱ ከመብላታችን በፊት ፍትሐት ያደርሱ ነበር። ለዝክር ፍትሐት ምን ይሠራል? ልጅ ሆኜ አልጠየቅሁም። ዝክር ብላችሁ ተዝካር ስታወጡ ኖራችኋል። ለምን እንደሸሸጋችሁ እገምታለሁ፤ የተሸነፈ ወገን ሙቱን ጮክ ብሎ የሚያስብበት ዘመን አልነበረም። ለእኛ ለልጆችዎ ግን ሊነግሩን ይችሉ ነበር። ይህን ተቀይሜ ነው የምጽፈው፣ አልደብቅዎትም።

እኔም ቀርቻለሁ፣ አውቃለሁ። ሦስት ጥቅምት አልመጣሁም። አንዱን ፈቃድ ተከልክዬ ነው፤ ሁለቱን በመንገዱ አሳብቤ ነው። ዘንድሮም መንገዱ ምን እንደሚመስል ያውቁታል። መምጣት ካልሆነልኝ እዚህ ቄስ አነጋግሬ ፍትሐቱን ከሜዳው አጠገብ ካለው ቤተ ክርስቲያን ላስደርስ ነው፤ ሽማግሌውም ልምጣ ብለዋል።

ቄሱ ግን የክርስትና ስም ጠየቁኝ፣ እኔም አላውቀውም። የአያትዎን የክርስትና ስም ይላኩልኝ። ወንድሜን ሲያስጽፉት ፊደል በፊደል ይንገሩት፤ እሱ መግደፍ ይወዳል።

ልጅዎ
ከሰንዳፋ