የሙዚቃ ክበብ ዘገባ፦ ትዝታ በዋንዛ

ክበባችን ዘንድሮ አብዛኛውን ጊዜውን የሰጠው ለአንድ ሥራ ነው፤ ማሪምባ ለመሥራት። በበዓላት ላይ ያቀረብናቸው መዝሙሮች እንደ ወትሮው ስለሆኑ አልዘረዝራቸውም።

ማሪምባ ቁልፎቹ እንጨት የሆኑ፣ በመምቻ እየተመታ የሚጫወቱት መሣሪያ ነው። ሥሩ አፍሪካዊ ነው። በባርነት የተጋዙ ሰዎች ወደ መካከለኛው አሜሪካ አሻገሩት፤ ጓቴማላም በ1978 እ.ኤ.አ. ብሔራዊ መሣሪያዋ አደረገችው። የጅማው ልጅ ሙላቱ አስታጥቄ የሚጫወተው ቫይብራፎን የቅርብ ዘመዱ ነው፤ የእሱ ቁልፎች ግን ብረት ናቸው። ተማሪዎቹ ይህን ሲሰሙ ነው «እኛስ ለምን አንሠራም?» ያሉት።

እንጨቱን ያገኘነው በርጩማ ከሚሠሩ የከተማችን አናጢዎች ነው፤ ከርሞ የደረቀ የዋንዛ ቁራጭ መርጠው ሰጡን። እርጥብ እንጨት ሲመቱት ዱብ ብሎ ይቀራል፣ የደረቀው ግን ድምፁ ይቆያል።

ቁልፉ የት ይበሳ የሚለውን በጨው ፈተንን። ጣውላው ላይ ደቃቅ ጨው ነስንሰን መሐሉን ደጋግመን ስንመታ፣ ጨው እየዘለለ ሄዶ በሁለት መስመር ተሰበሰበ። እንጨቱ የማይንቀጠቀጠው እዚያ ነው፤ ከየጫፉ የርዝመቱ 22 በመቶ ገደማ ላይ። ቁልፎቹን የሚይዘው ሲባጎ በዚያ ካለፈ ድምፁ አይታፈንም። የፊዚክስ መምህራችን ይህንን ለክፍላቸው ማሳያ ወስደውታል፤ ደስ ብሎኛል።

ከባዱ ቅኝቱ ነበር። ድምፁ ከቀጠነ የቁልፉን ሆድ በሞረድ መፋቅ፣ ከወፈረ ጫፉን መፋቅ ነው። ብዙም የማትናገር አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ጆሮዋን ጣል አድርጋ «ገና ትንሽ ይቀረዋል፣ ቲቸር» ስትል ሁላችንም እናምናታለን። ከየቁልፉ ሥር ሆኖ ድምፁን የሚያጎላው ማስተጋቢያ አንድ አፉ የተደፈነ የፒቪሲ ቱቦ ነው፤ ለመካከለኛው ዶ 33 ሳንቲሜትር ገደማ ይበቃል።

11ዱን ቁልፎች «ሙሉ ትዝታ» በሚባለው ቅኝት ቃኘናቸው፦ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ። የውጭ መሣሪያ ስለሆነ የኛን ዜማ አይችልም ለሚሉ መልሱ ይኸው ነው፤ እንጨት በፋቁት ልክ ይዘምራል። በወላጆች ቀን ከክራርና ከከበሮ ጋር አብረን ስናቀርብ እናቶች በጭብጨባ ተቀበሉን።

«ግማሽ ትዝታ» የሚባለውን ቅኝት ለመጫወት «ሚ» እና «ላ» በግማሽ ድምፅ ዝቅ ማለት አለባቸው፤ ስለዚህ ለከርሞ 4 ተጨማሪ ቁልፎች እንሠራለን። ቤቱ የደረቀ ዋንዛ ያለው ወላጅ ከመስከረም በፊት ቢያመጣልን በክበቡ ስም እንለምናለን።