ትራክ ለምትነዱ ደንበኞቻችን፦ አዲስ ሥራ ከመፈረማችሁ በፊት

የተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

እንደምን ሰነበታችሁ? ሰሞኑን ኩባንያ ልትቀይሩ ያሰባችሁ ብዙ ሰዎች «የቱ ይሻለኛል?» እያላችሁ ትደውሉልናላችሁ። በስልክ ተጣድፈን ከምንመልስላችሁ ረጋ ብለን ብንጽፍላችሁ ይሻላል ብለን ይህን ላክንላችሁ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ የምትቀጠሩት በደብሊው-2 (እንደ ተቀጣሪ ሠራተኛ) ነው ወይስ በ1099 (ታክሱን ራሱ እንደሚከፍል የግል ሠራተኛ)?

አንዱ ኩባንያ በደብሊው-2 በማይል 60 ሳንቲም፣ ሌላው በ1099 65 ሳንቲም ይከፍላል እንበል። በሳምንት 2,500 ማይል ብትነዱ የመጀመሪያው 1,500 ዶላር፣ ሁለተኛው 1,625 ዶላር ነው። የ125 ዶላር ብልጫ ያጓጓል። ግን በደብሊው-2 ለሶሻል ሴኩሪቲና ለሜዲኬር ከእናንተ የሚቆረጠው 7.65 በመቶ ነው፤ ያንኑ ያህል ደግሞ ኩባንያው ይከፍላል። በ1099 የሁለታችሁንም ድርሻ የምትችሉት እናንተ ናችሁ። 15.3 በመቶ ነው፤ የሚሰላውም ከገቢያችሁ 92.35 በመቶው ላይ ነው። ይህ ብቻ ሲነሳ ከመጀመሪያው 1,385፣ ከሁለተኛው 1,395 ዶላር ገደማ ይቀራል። ያ ሁሉ ብልጫ 10 ዶላር ሆነ ማለት ነው። በዚያ ላይ ሥራ ላይ ብትጎዱ ወይም ሥራው ቢቆም በ1099 በአብዛኛው የሚደርስላችሁ የለም።

በእርግጥ 1099ም ጥቅም አለው። ከቤት ውጭ ለምታድሩበት ቀን ፐር ዲየም (የቀን የምግብ አበል) ታክስ ከሚታሰብበት ገቢያችሁ ታስቀንሳላችሁ። አሁን በቀን 80 ዶላር ታስቦ 80 በመቶው ይቀነሳል። ደብሊው-2 ሠራተኛ ከ2018 ወዲህ ይህን በፌደራል ታክስ ማስቀነስ አይችልም። ስለዚህ ወሩን ሙሉ መንገድ ላይ ለሚያድር ሰው ሂሳቡ ትንሽ ይቀየራል። ግን ትራኩም የኩባንያው፣ ሎዱንም (የምትጭኑትን ጭነት) ሰዓቱንም የሚወስነው ኩባንያው ሆኖ 1099 ከሰጣችሁ፣ አይአርኤስ (የፌደራሉ የታክስ መሥሪያ ቤት) እንደ ተቀጣሪ ሊያያችሁ ይችላል። እንዲህ ያለ ውል ስናይ በጣም ያሳስበናል።

በማይል የምትከፈሉ ከሆነ ማይሉ እንዴት እንደሚቆጠር ጠይቁ። አንዳንዱ ትራኩ የሄደበትን ሳይሆን በሠንጠረዥ ላይ ያለውን አጭር ርቀት ይከፍላል። መጋዘን በር ላይ ለምትቆሙበትስ? ብዙ ቦታ የመጀመሪያዎቹ 2 ሰዓታት በነፃ ናቸው። እናንተ ቆማችሁ ሳለ በአንድ የሥራ ቀን መንዳት የምትችሉበት የ14 ሰዓት ገደብ ግን መቁጠሩን አያቆምም።

ፐርሰንት፣ ማለትም ከሎዱ ዋጋ በመቶኛ መከፈል፣ ሌላ ነገር ነው። ከዴንቨር ቺካጎ 1,000 ማይል ያህል ነው። ሎዱ 2,400 ዶላር ከሆነ በ27 በመቶ 648 ዶላር ታገኛላችሁ፤ በማይል 60 ሳንቲም ቢሆን 600 ነበር። ገበያው ወርዶ ያው ሎድ 1,600 ሲሆን ግን ድርሻችሁ 432 ነው። በ2021 ፐርሰንት የወሰደ ደስ ብሎት ነበር። ከ2022 ወዲህ ዋጋው ሲወርድ ነው የከበደው። ፐርሰንቱ ከጠቅላላው ይሁን የዲስፓች (ሎድ የማፈላለግ) ክፍያ ከተነሳ በኋላ፣ ፊውል ሰርቻርጁም (ለነዳጅ የሚጨመረው ክፍያ) ይካተት እንደሆነ በጽሑፍ አስቀምጡ። የራሳችሁን ትራክ ለኩባንያ አከራይታችሁ በፐርሰንት የምትሠሩ ደግሞ ሎዱ የተከፈለበትን ሰነድ ኮፒ የማየት መብት በፌደራል ደንብ አላችሁ። ጠይቁ፤ አትፈሩ።

በሰዓት የሚከፍል የከተማ ሥራ ለቤተሰብ ያመቻል። ከስቴት ስቴት ለሚያመላልስ ሹፌር ግን የፌደራሉ ሕግ በአብዛኛው ኦቨርታይም አያስገድድም። ስለዚህ ከ40 ሰዓት በላይ ስንት እንደሚከፈል አስቀድማችሁ እወቁ።

ስለ ሊዝ-ፐርቸስ (ትራኩን ከኩባንያው ተከራይቶ ቀስ በቀስ መግዛት) ሐሳባችን ግልጽ ነው፦ ሳታሳዩን አትፈርሙ። ትራኩ ገና የእናንተ ሳይሆን ክፍያው፣ ጥገናው፣ ኢንሹራንሱ ከሳምንታዊው ሴትልመንት (የክፍያ ሂሳብ) ላይ ይነሳል። ሎድ ሲቀንስ እነዚህ አይቀንሱም። ሳምንቱን ሙሉ ነድተው ዕዳ ይዘው የሚገቡ ሰዎች ወረቀት እጃችን ላይ ያልፋል፤ ያሳዝነናል።

ውሉን፣ ካላችሁም የቅርብ ጊዜ ሴትልመንት ይዛችሁ ኑ፣ ወይም ፎቶ አንስታችሁ ላኩልን። አብረን እንቆጥረዋለን። ለነባር ደንበኞቻችን ለዚህ አናስከፍልም። 1099 የጀመራችሁ ደግሞ የሩብ ዓመት ታክስ ክፍያ ቀኖች ኤፕሪል 15፣ ጁን 15፣ ሴፕቴምበር 15 እና ጃንዋሪ 15 መሆናቸውን አትርሱ።

ከአክብሮት ጋር፣
የሂሳብና የታክስ ቢሯችሁ
አውሮራ፣ ኮሎራዶ